ራሳችንን ነቅንቀን እምቢ ያልንበት የእብነ በረድ አደባባይ

ለተከበሩ የከተማችን ምክትል ከንቲባ ለክቡር ሉቦሚር ድራጎቭ፣
በቢሮዎ ካልተገኙም ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ደመወዝዎ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ፣ ወንበሩ ወገብዎን እንዳይጎዳው፣ በስብሰባ ሰዓት የሚወስድዎ እንቅልፍም እንደተለመደው ጥልቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

በመቀጠል ለክቡርነትዎ፣ ለመላው የከተማችን ነዋሪና ለመጪው ትውልድ የሚከተለውን ታላቅ ዜና በይፋ አበሥራለሁ። በጊዮርጊስ በዓል ማግስት የልጄ ልጅ ኔዳ ኮሌቫ በስኬትቦርዷ፣ በባለ ጎማ ሳንቃዋ ላይ እንደቆመች አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ከምድር ተለያዩ። ከፍታው የክብሪት ሳጥን በጎኑ ቢያስተኙት የሚያህል ነበር። አየር ላይ የቆየችበት ጊዜ ለማስነጠስ እንኳ አይበቃም። ዳኑብ መፍሰሱን ሳያቋርጥ፣ መንግሥትም ሳይወድቅ ነገሩ ተፈጽሟል።

ይህ ዝላይ በልጆቹ አፍ ኦሊ ይባላል። የኋላ እግር የሳንቃውን ጭራ ጠበቅ አድርጎ መሬት ላይ ይመታል፤ በዚያው ቅጽበት የፊት እግር ሳንቃውን ወደ ፊት እየፋቀ ይዞት ይወጣል። ሲነገር ቀላል ነው። ኔዳ ግን በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ በመቀመጫዋ ስትማረው ነው የከረመችው። ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ አንዲት ጠጠር ካገኙ ቀጥ ይላሉ፤ ሳንቃው ይቆማል፣ ልጅቷ መንገዷን ትቀጥላለች። በከተማችን ጠጠርም ስንጥቅም የሌለበት መሬት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሐውልቱ ከተነሣ ወዲህ ባዶ መደቡ የቀረው የእብነ በረድ አደባባይ። ስለ ሌሎቹ መንገዶች ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ያስጠግናሉ ተብለው የተሾሙት እርስዎ ነዎትና።

ይህንኑ አደባባይ ስለዘጉብን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ ስብሰባው። እኛን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በባህል አዳራሹ ሰብስበው፣ በሳንቃ የሚንሸራተቱት ልጆች ይረብሿችኋል ወይ ብለው ስለጠየቁን እናመሰግናለን። እስከ ዛሬ ምንም ነገር የጠየቀን አልነበረም። እኛም በጨዋ ደንብ ራሳችንን ከላይ ወደ ታች ነቀነቅን። እርስዎ ፊትዎ በራ፤ አዳራሹ ከአንድ ሰው በቀር ተስማምቷል ብለው ልጆቹ እንዲከለከሉ ወሰኑ። ክቡር ሆይ፣ ቪየና ለብዙ ዓመት እንደተማሩ እናውቃለን፤ እንድንረሳውም ዕድል ሰጥተውን አያውቁም። ነገር ግን በዚህ በቡልጋሪያ ራሱን ከላይ ወደ ታች የሚነቀንቅ ሰው “አይ” ማለቱ፣ ግራና ቀኝ የሚወዘውዝም “አዎ” ማለቱ እንደሆነ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ሙሉ አዳራሽ “አይ፣ አይረብሹንም” ሲልዎ እርስዎ እሺታ ለቀሙ። እናትዎ ወይዘሮ ጾና እንኳ ፊት ለፊትዎ ተቀምጠው ሲነቀንቁ ነበር፤ ውሳኔውን ሲያሰሙም ሻርፓቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

፪. ስለ ወዳጄ ሚንኮ። ይህ ጡረተኛ የባቡር ነጂ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹን ከልቡ የሚጠላ ብቸኛ ሰው ነው፤ የጎማው ድምፅ የቀትር እንቅልፉን ይነሣዋል። ስለዚህ አንገቱ እስኪንቋቋ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘልዎት። እርስዎም ከመቀመጫዎ ተነሥተው “ለወጣቱ የቆሙ ብቸኛ አዛውንት” ብለው አጨበጨቡለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ መንገድ ላይ እየጠበቁ እጁን ይጨብጡታል፣ ትኩስ የባኒጻ ቂጣ ከነአይቡ በር ድረስ ያመጡለታል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ቀርቶበታል። “ፔንቾ፣” ይለኛል ባኒጻውን እየገመጠ፣ “በሕይወቴ አንድ ቀን ያሰብኩትን ብናገር፣ እሱንም ገልብጠው ጻፉብኝ።”

፫. ስለ ሲሚንቶ ገንዳዎቹ። ለአረጋውያን ዕረፍት ሲባል አደባባዩን በአበባ ገንዳ ስለሞሉልን፣ በመደቡም ጠርዝ ላይ ሳንቃ እንዳይንሸራተትበት የብረት ጉብታ ስላስተከሉልን ባለ ዕዳዎ ነን። አበባው እስካሁን አልመጣም። ገንዳዎቹ ቦታ እንዲያገኙ አግዳሚ ወንበሮቻችን ስለተነሡ፣ የተፈቀደልንን ዕረፍት ቆመን እያረፍን ነው።

፬. ይህን ቁጥር በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። አደባባዩ ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹ የሚለማመዱት ወደ ወደቡ በሚወስደው፣ የእህል መኪኖች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የኔዳ ጎማ ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ እሷም ተስፈንጥራ የጫነ መኪና ፊት ወደቀች። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ቆመ፤ ከመኪናው ወርዶ ጎማውን ተደግፎ ሲያስመልስ ሰዎች አይተውታል። የእሷ የእጅ አንጓ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ያለችኝ ይህን ነው፦ “አባባ፣ ለእማዬ ከደረጃ ወደቀች በላት። ካወቀች ሳንቃዬን ምድጃ ውስጥ ነው የምትከተው።” እኔ ግን ለእናቷ እውነቱን ነገርኳት፤ ማን ጣላት ብላ ስትጠይቀኝ የክቡርነትዎን ሙሉ ስም ከነማዕረግዎ ሰጠኋት።

ሐሙስ ዕለት ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ክልከላውን ቋሚ እንደሚያደርገው ሰምቻለሁ። ኔዳ ጄሶው ሲፈታ መሄጃዋ ወይ አደባባዩ ነው ወይ የእህል መኪናው መንገድ፤ ቤት ትቀመጣለች የሚል ካለ እሷን አያውቃትም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ጥያቄውን እንደገና ይጠይቁን፣ በዚህ ጊዜ ግን ራስ ሳይሆን አፍ ይቆጠር። ልጆቹ ከኦሊ በፊት የሚማሩት አንድ ቀላል ነገር አለ፦ የፊት ጎማን አንሥቶ፣ በኋላው ላይ ተሽከርክሮ ፊትን ወደመጡበት መመለስ። ለእርስዎ መምህር አያስፈልግዎትም፤ በተሾሙ ሰሞን ስለ መንገዶቹ ከገቡት ቃል ያለ ጎማና ያለ ሳንቃ እንዴት አምሮብዎ እንደዞሩ በዓይናችን አይተናል። ሐሙስ ዕለት ያንኑ ጥበብ ለአንድ ጊዜ በጎ ነገር ላይ ቢያውሉት ውለታዎን እስክንሞት አንረሳም፤ ዕድሜያችንን ሲያስቡት ብዙም አይከብድዎትም።

በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ጉልበቴ ስለማይታጠፍም የቀረውን በሐሳብ እያጎነበስኩ፣
የክቡርነትዎ የዘወትር አድናቂ፣ ወንበር አልባው አራፊ፣
ፔንቾ ኮሌቭ

ማስታወሻ፦ ከላይ ከጻፍኩት አንዱን ፈጥሬ ነው የጻፍኩት። እናትዎ አልሳቁም። ውሳኔውን ሲያሰሙ ሻርፓቸውን አጥብቀው አሰሩና ወጡ። በሩ ላይ ደርሼባቸው ምን ይላሉ ብላቸው፣ “ሉቦ ልጅ ሆኖ ከረሜላ ግዢልኝ ሲለኝ፣ እንዲህ አንዴ ራሴን ከነቀነቅኩ ያለቅስ ነበር” አሉኝ። ሳቁ ብዬ የጻፍኩት ለእርስዎ አዝኜ ነው።