ሁለት መቶ ቁጭ ብድግ

እሑድ፣ ኅዳር 13 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ቦሌ

ዛሬም እኔና ጓደኛዬ ታዬ ገርጂ ሜዳ ላይ የእግር ስፖርት ስንሠራ የቀበሌው ስብሰባ አለፈን። ታዬ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ያለበትን ብረት ተሸክሞ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ይላል። እኔ ጣሳ የሌለበትን ባዶ ብረቴን ይዤ መቶ ጊዜ። "ይሄ ጨዋታ እንጂ ስፖርት አይደለም" እያለ ይስቅብኛል።

ስንመለስ ሊቀመንበሩ ቀበሌው በር ላይ ያዙንና ለቅጣት ሁለት መቶ ቁጭ ብድግ አዘዙን። ታዬ ስልሳ ላይ ጉልበቱ ከዳው። እኔ ጨርሼ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጨምር?" አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። "የጓደኛህን ቀሪ ጨርስለታ!" ጨረስኩለት።

ሰፈር ስንደርስ ታዬ "ያን ባዶ ብረት ነገ አውሰኝ" አለ።

ለሚመጣው እሑድም ስብሰባ ጠርተዋል። እኔ እግር የምሠራውም እሑድ ነው።