ያከሳኝ ቻላቸው አይደለም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ፣ ቻላቸውና ልጆቹ፣ ድካሙን ካልቆጠርነው፣ እግዜር ይመስገን አለን። ስልኩ አልገናኝ ስላለኝ ይህን ወደ ትክል ድንጋይ ለሚመለስ ሰው ሰጥቻለሁ፤ አያ ገብረ ኪዳን ያነቡልሻል።

ጎረቤትሽ ጥሩነሽ አዘዞ መጥታ አይታኝ ስትመለስ፣ ልጅሽ አመድ መስላለች፣ ባሏ አስርቧታል ብላ እንዳስለቀሰችሽ ሰማሁ። ምነው እናቴ፣ እኔን ሳትጠይቂ? ቻላቸው ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። ያከሳኝ እሱ አይደለም፤ ራሴ ነኝ። ሐኪሙ ክብደትሽ ካልቀነሰ ነገሩ አይጀመርም ስላለኝ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ፣ ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት እሄዳለሁ። ያችኑ ስስ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አውልቄ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። በየቀኑ ከተመዘንሽ ልብሽ ይረበሻል፣ በሳምንት አንዴ ይበቃሻል ብሎኛል ሐኪሙ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ሲወርድልኝ ሸጋ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ቆመ። ፍልሰታ ሲገባ እቀንሳለሁ ስል፣ ሽሮውና ዳቦው ጭራሽ ጨመረብኝ። ያን ቀን እያለቀስኩ ወጣሁ። ባለመድኃኒት ቤቷ አዜብ ተከትላኝ መጥታ፣ አንድ ሳምንት ሰው አይገድልም አለችኝ። እሷ ለእኛ ሳምንት ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች?

ከዚያ ወዲህ እንጀራውን በግማሽ አደረግሁት፤ ሥራም የምሄደው በእግሬ ነው። ልጆቹ ሲበሉ ፊቴን አዞራለሁ። ለቅሶ ቤት እህል አትነካም፣ በሽታ ይዟታል እያሉ ያሙኛል። ደክሞኛል እናቴ።

ወንድሜ አንዱዓለም እንዳየሽው ነው። ከኩላሊት እጥበቱ ሲመለስ ግድግዳ እየተደገፈ ነው የሚገባ። መክሳቴን አይቶ፣ ሸንቃጣ ልትሆኚብን ነው እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። ስቄ ቡና አቀረብኩለት። አሁን ካወቀ እምቢ ይላል።

አንቺ የእኔን ውሰዱለት ብለሽ፣ ሐኪሙ ዕድሜሽ አይፈቅድም ያለሽ ዕለት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብለሽ ያለቀስሽው ከዓይኔ አልጠፋም። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። የተነጋገርነውን አልጽፈውም፤ ደብዳቤው በሰው አፍ የሚነበብ ነው። ደሜ ከደሙ መስማማቱን ብቻ እወቂልኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ሚዛኑ ሐኪሙ የፈለገው ላይ ደረሰ። እልል የምል መስሎኝ ነበር፤ የአዜብ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ እንጂ። ከጥምቀት በኋላ ከአንዱዓለም ጋር አዲስ አበባ እንሄዳለን። ቻላቸው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ውሎ አድሮ፣ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ ሂጂ አለኝ። ይህን ሰው ነው የምታሙት።

እስካሁን ስለት የገባሽው ለአንዱዓለም ነበር። እንግዲህ ስትጸልዪ የእኔንም ስም አብረሽ ጥሪ። እመብርሃን ሁለታችንንም ወደ ደጅሽ ትመልሰን፤ አንቺንም ለዚያ ቀን ታቆይልን።

ጉልበትሽን የምትስም፣
የበኩር ልጅሽ