ለአባዬ ብለህ ያቆየኸው ቧንቧ

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች? ብርዱስ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። አባዬም ይበላል፣ ይተኛል፣ ዘንድሮ ጉንፋን እንኳ አልያዘውም። ደህና ነው ብዬ ግን አልጽፍልህም፤ በስልክ ስንት ጊዜ ብዬህ አፌ ደክሟል።

ደብዳቤ መጻፌ ገርሞህ ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ላይ ብነፋረቅ አትሰማኝም።

የላክኸውን የመታጠቢያ ቤትህን ፎቶ አይቻለሁ። ወለሉ ተነጥፎ፣ ግድግዳው ተቀብቶ፣ ቧንቧው ብቻ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። አባዬ እስኪመጣ ሌላ ሰው አይነካውም ብለህ ዓመት ሙሉ በባልዲ ትታጠባለህ፤ ባለቤትህም እግዜር ይስጣት፣ ችላህ ትኖራለች። ትኬቱን ለየትኛው ወር ልቁረጥ፣ የቧንቧ መፍቻውስ ስንት ቁጥር ይሁን ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን ቁጭ ብለህ አንብበው። አባዬ አይመጣም፣ ጋሼ። ቧንቧ ሠራተኛ ጥራ።

በዚህ ቤት እንዲህ ማለት ስድብ እንደነበር መች ጠፋኝ? ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ፋይል ሲደረድር የኖረ ሰው፣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ገዝቶ ብቻውን ቧንቧ ተማረ። የተማረውም በእኛ ላይ ነው። ቀዩን ስትከፍት ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊውን ስትከፍት የሚፋጅ ውሃ እስከ ዛሬ ይመጣል። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንግዳ ሲመጣ «ፎጣ ከመስጠታችሁ በፊት መንገዱን ንገሩት» ትል ነበር። ግን የሠራው ነገር አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ ካናፓውን፣ ያን ጭድ የሚመስል ክር፣ በቧንቧው ጥርስ ላይ ቀስ አድርጎ ይጠመጥም ነበር። ክሩን በጥርሱ አቅጣጫ ካልጠመጠምሽው ስታጠብቂው ይፈታብሻል ብሎ እጄን ቸብ ያደረገኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ። አባዬ ሠራው፤ በማግሥቱም አንጠባጠበ። ፈትቼ ሳየው ክሩ በተቃራኒው ተጠምጥሟል። አንድ ቀን ማንም ይሳሳታል ብዬ በትክክሉ መልሼ ጠመጠምኩት። ሳምንት ሳይሞላ የሻወሩንም እንዲሁ አደረገው። ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን የነገረኝ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። መድኃኒት ብዙም እንደማይረዳው፣ ግን እጁ እንዳይቦዝን፣ የሚያውቀውን ሥራ እንዲሠራ መከረኝ።

ምክሩን ይዤ ምን እንዳደረግኩ ብነግርህ ትስቃለህ። አባዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል የወጥ ቤቱን ቧንቧ በትንሹ አላላዋለሁ። ሲነሣ ጠብታውን ይሰማል። «ይኼ ቤት ያለ እኔ አንድ ቀን አያድርም!» እያለ፣ እየተነጫነጨ፣ ግን ደስ ብሎት የመሣሪያ ሳጥኑን ይከፍታል። ጨርሶ እጁን በሱሪው እየጠረገ «አየሽ?» ይለኛል። እጅህ ይባረክ እለዋለሁ። ዞር ሲል ፈትቼ በትክክሉ እጠመጥመዋለሁ። እንዲህ ስምንት ወር ኖርን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ምነው እናንተ ቤት ቧንቧ በየቀኑ ይበላሻል ስትለኝ፣ አርጅቶ ነው አልኳት። በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል የድሮውን አባቴን አገኘው ነበር፤ ለዚያ ብዬ ብዙ ልዋሽ ዝግጁ ነበርኩ።

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከሥራ ስገባ ቦይለሩ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ከጎኑ የምትወጣውን ቀጭን ቧንቧ ታስታውሳታለህ፤ ውሃው ሲግል ግፊቱ እንዲተነፍስ ጠብ ጠብ የምትለዋን። አባዬ ራሱ «ይቺን የደፈነ ቤቱን አፈነዳ» እያለ ያስጠነቅቀን ነበር። እሷኑ በብረት ክዳን ጥርቅም አድርጎ ደፍኗታል። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ፣ አባዬን ጫማ ሳያደርግ፣ በካልሲ እንዳለ ጎትቼ ግቢ አወጣሁት። ውሃው እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ውጭ ተቀመጥን። ለምን ደፈንካት ስለው ኩራት ኩራት እያለው «ታንጠባጥብ ነበር፤ ጠገንኳት» አለኝ። በዚህ ቤት የሚያንጠባጥብ ሁሉ መደፈን አለበት ብዬ በየቀኑ ያለማመድኩት እኔ አይደለሁ? የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ አላደርግም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

በማግሥቱ ሳጥኑን ወስጄ ልብስ ሰፊዋ ቤት አስቀመጥኩት። አባዬ ቀኑን ሙሉ ፈለገው፤ አልጋ ሥር፣ ምድጃ ውስጥ፣ የእማዬ ሻንጣ ውስጥ ሳይቀር። «ሌባ ገብቷል» አለኝ። አዎ ገብቷል አልኩት። ከሦስት ቀን በኋላ መፈለጉንም ተወው። አሁን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይውላል። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ ቦይለሩን ሲያስተካክል፣ አባዬ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ሲሳደብ ብሰማው እንዴት ደስ ባለኝ! እማዬ ስትሞት እንዲህ አላለቀስኩም፣ ጋሼ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቅሽኝ ብትል እውነትህን ነው። አንተ ያን መታጠቢያ ቤት ክፍት አድርገህ ስትጠብቀው፣ እኔም ምናልባት ይሻለውና ይሄድ ይሆናል እያልኩ አብሬህ ስጠብቅ ነበር። ይቅር በለኝ። ትኬቱን ለራስህ ቁረጠው። ስምህን ይስተው ይሆናል፤ እኔንም አንዳንድ ቀን «እመቤቴ» ብሎ እንደ እንግዳ ያመሰግነኛል። ቢሆንም ና።

ባለቤትህን ስለ ትዕግሥቷ አመስግንልኝ። የትንሿን ሁለቱንም ጉንጮች ሳምልኝ። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሃለች፤ በፎቶው ላይ ከስተህ ስላየችህ ተቆጥታለች።

ከአባዬ የምጽፍልህ ሰላምታ ቢኖር ብዬ አሁን ሄጄ ጠየቅሁት። ለማን ነው አለኝ። ለልጅህ አልኩት። ልጅህ ቤት ገዝቶ ቧንቧው አልተሠራለትም፤ ሕፃን ይዞ በባልዲ ነው የሚታጠበው አልኩት። ማን እንደሆንክ አላወቀም፣ አልዋሽህም። ግን ተነሣ። በዚህ ብርድ ሕፃን ይዞ እንዴት ይሆናል ብሎ ኮቱን ለበሰ። ይኸው በሩ ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀን ነው» እያለ ይጣራል። ስለዚህ ላብቃ። ክንዱን ይዤ ሰፈሩን አንድ ዙር እንዞራለን፤ ተመልሰን የገዛ በራችን ላይ ስንቆም፣ የልጅህ ቤት ደረስን እለዋለሁ።

እህትህ

ከአባታችን ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
እሑድ፣ ጥር 9 ቀን