ከጣቢያው ጀርባ

ሐሙስ፣ የካቲት 7 ቀን 1988፣ አርባ ምንጭ

ዛሬም ሐዲዶቹ አልገጥም አሉኝ። ከሥራ ወጥቼ ሴቻ ሰፈር የተከራየኋት ክፍሌ ገባሁና ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘረጋሁ። የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊቱ አልቋል፦ ሰዓቱ፣ ረጃጅም መስኮቶቹ፣ ሰፊው በር። ከጀርባ ግን ሐዲዶቹ የት ላይ እንደሚለያዩ አላስታውስም። አባቴ ለሚገባ ለሚወጣው ባቡር ሐዲድ እየቀየረ የኖረው እዚያ ነው። ልጅ ሆኜ ምሳ አደርስለት ነበር። ያኔ የማየው እሱን እንጂ ሐዲዱን አልነበረም።

ክረምት ላይ አረፈ። ከዚህ ተነስቼ ድሬዳዋ እስክደርስ ሰልስቱ አልፎ ነበር። ጣቢያውን መንደፍ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቢሮ የውሃ መስመር እነድፋለሁ፤ ቤት ስገባ የባቡር መስመር። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ንድፉ ከቢሮ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ ኖሯል፤ ከጎኔ የምትቀመጠው በላይነሽ አየችው። «እዚህ አጠገብ፣ ላንቴ ቀበሌ፣ ሙዝ የሚያለሙ ሰው አሉ፤ ጋሽ ኢሳያስ ይባላሉ። ድሮ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርተዋል» አለችኝ።

እዚህ ሁለት ዓመት ስኖር ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ነገ እሄዳለሁ። የምይዘው፦ ንድፉን፣ ባዶ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ ኪሎ ስኳር። እንዳልፈራ ብቻ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ሙዝ ሊጭን በሚሄድ አይሱዙ ላንቴ ደረስኩ። ጋሽ ኢሳያስ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እዚሁ ጋሞ፣ ገረሴ ተወልደው ሥራ ፍለጋ ነው ድሬዳዋ የሄዱት። ንድፌን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ነው። ግን ይሄ የመንገደኛ በር ነው። እኛ በዚህ ገብተን አናውቅም» አሉ።

ከዚያ በእንጨት መሬቱ ላይ የጣቢያውን ጀርባ ሣሉልኝ። ዋናው መስመር። ወደ መጠገኛው የሚታጠፈው። ፉርጎ የሚያድርበት። መጋዘኑ። የሠራተኛው በር። እየተከተልኩ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ከክረምት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አባትሽ ማን ነው?» አሉኝ።

ታደሰ አልኳቸው። ታደሰ ብዙ ነው አሉ። ግራ እግሩን የሚያነክሰው፣ ሐዲድ ቀያሪው አልኩ።

እንጨቱን አስቀመጡት። መኪናው እንዳያመልጥሽ አሉኝ። ምን አጠፋሁ?

እሑድ፣ የካቲት 10

ቤት ዋልኩ። ጎረቤቶቼ ከጸሎት ሲመለሱ በጋሞኛ እየተሳሳቁ አለፉ። በሩ ላይ ተቀምጬ ሰላም አልኳቸው፤ ሰላም አሉኝ። ቀኑን ሙሉ የተናገርኩት ይኸው ነው። ንድፉን አልነካሁትም።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ጋሽ ኢሳያስ ቢሮ ድረስ መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ይዣቸው ሄድኩ። «አባትሽ ደህና ነው?» አሉኝ። ማረፉን ነገርኳቸው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ያን ቀን ምልክት የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴ ያኔ ፉርጎ አያያዥ ነበር፤ እሳቸው ሥራ ከጀመሩ ሁለት ወር አልሞላቸውም። ከፉርጎዎቹ መሐል ወጥቷል ብለው ለነጂው አረንጓዴውን ባንዲራ አነሱ። አልወጣም ነበር፤ ፉርጎው እግሩን ያዘው። አባቴ ለአለቆቹ ድንጋይ አንሸራተተኝ አለ። ጋሽ ኢሳያስ ሊጠይቁት ሲሄዱ፣ «ገና አዲስ ነህ፤ ያባርሩሃል። የኔ እግር እንደሆነ አይመለስም። ዝም በል» አላቸው።

ለእኛም ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ነው ያለን።

«ነገ፣ ነገ እያልኩ ይቅርታ ሳልጠይቀው አገሬ ገባሁ። እንግዲህ አንቺን ነው የምጠይቀው» አሉ።

ሥራ አለኝ ብዬ ገባሁ። ከመስኮቱ ሲሄዱ አየኋቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ልጆች አባቴን እያስመሰሉ ሲያነክሱ ትዝ አለኝ፤ እያለቀስኩ ቤት ስገባ እሱ ይስቅ ነበር። ደግሞ እግሩ ባይጎዳ ኖሮ ሐዲድ ቀያሪ አይሆንም፤ እኔም ምሳ ይዤ አልሄድም ነበር። እንዲህ ማሰቤ ራሱ አናደደኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። አባቴ ያን ወጣት ይቅር ያለው ያኔውኑ ነው። እኔ የምከለክለው ምን ይዤ ነው? ለነገ ጠዋት ፈቃድ ጠየቅኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ላንቴ ስደርስ ባለቤታቸው በር ላይ ነበሩ። አማርኛቸው ጥቂት ነው። በእጃቸው ወደ ውስጥ አሳዩኝና «ሰኞ ጀምሮ አልበላም» አሉኝ። ጋሽ ኢሳያስ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አባቴ ይቅር ብሎዎታል፤ እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሙሉ በሙሉ እውነት መሆኑን ገና አላውቅም። እሳቸው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ አለቀሱ።

ስለ ጣቢያው ምንም አላወራንም። ባለቤታቸው ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅለው በዳጣ በርበሬ አቀረቡ፤ ሦስታችንም ከአንድ ሳህን በላን። ሰው ጋር ከበላሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ስነሳ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እሑድ ና» አሉኝ። እንደ ወንድ ልጅ አቆላምጠው ነው የጠሩኝ። አላረምኳቸውም። እሑድ እሄዳለሁ።