መቶ ሃያ ግራ እግር

ጥር 6

ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሆስፒታል ጋዋን ስቆርጥ ዋልኩ። ከሜትር ጋር እንደ ልማዳችን ተጨቃጨቅን። መለኪያዋን ከአንገቷ ስለማታወርድ ነው ሜትር ያልናት። የኔን ልክ እንደገና ለክታ ካልፈረመች ጨርቅ አይቆረጥም። “እትዬ፣ ግማሽ ሴንቲ ይጎድላል” አለች። ለካሁ... እውነትም ይጎድላል። ምን ዓይነት ዓይን ነው የሰጣት!

ጥር 9

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ጠራኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ስለሠራሁ ፎቶዬ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። ከሥሩ የሚጻፈውን ራሴ እንድመርጥ ሦስት ቃል ጽፎ ሰጠኝ። “ነባር”... የቢሮ ወንበር መሰልኩ። “ቀደምት”... ይሄ ደግሞ የሞተ ሰው ነው። “አንጋፋ”። እሱን መረጥኩ። ለእህቴ ብነግራት “ሊያሰናብቱሽ ነው” አለችኝ። ምቀኛ።

ጥር 21

ፎቶው ተሰቀለ። አገጬ ሁለት ሆኖ ወጥቷል፣ ይሁን። ስገባ ይነሱልኛል። የሻይ ሰልፍ ላይ ያስቀድሙኛል። የሚከራከረኝ ጠፋ። ሜትር እንኳ ዛሬ መለኪያዋን ሳትዘረጋ ፈረመች። “እርስዎ ለክተውት እኔ ምን ብዬ ልለካ?” ልቤ ቅቤ ጠጣ። መከበር ለካ እንዲህ ነው? እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?

የካቲት 3

ጉድ ሆንኩ።

የመካኒኮቹ ሱሪ ነው። ስድሳ ሱሪ። የግራውን እግር ከቆረጥኩ በኋላ ንድፉን ገልብጬ ቀኙን ማውጣት ነበረብኝ። ረሳሁ። መቶ ሃያ እግር፣ ሁሉም ግራ! ጀማሪም እንዲህ አይሠራም። ሰፊዎቹ ደግሞ ገና ስቆርጥ አይተውኛል። ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ ብላቸው፣ አንዷ አንገቷን ደፍታ “አንጋፋ አይደሉ... አዲስ ፋሽን መስሎን” አለች።

የካቲት 4

ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛ አገኘ። ሜትር። የሱሪው ወረቀት ላይ ፊርማዋ አለ፣ ስለዚህ ዓርብ ስብሰባ ላይ ልትሰናበት ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አልተናገርኩም። ለምን አልተናገርኩም? ያን ቃል ማጣት ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምን አለ። በኋላ መታጠቢያ ቤት ስታለቅስ ሰማኋት። እናቷን የምታስተዳድረው እሷ ናት። አፈርኩ በራሴ።

የካቲት 5

ቢሮው ገባሁ። የቆረጥኩት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ ነኝ አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ያዘና የልጅቷን ጥፋት መሸፈኔ ልቡን እንደነካው ነገረኝ። ደግሜ አስረዳሁት። “ትሕትናዎ!” አለ። በምሳሌነት ሊጠቅሰኝ ነው አሉ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው... ጥፋቴን የሚቀበለኝ ሰው ልጣ?

የካቲት 7

ዓርብ። ከግራ እግሮቹ ሁለቱን ገጣጥሜ ሰፋሁና ለበስኩት። አንዱ ኪስ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ስብሰባው መሃል እየተንገዳገድኩ ገባሁ።

“ይሄን የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “ሜትር ሳትለካ ስትፈርም አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።”

አንዷ ሰፊ አፏን በእጇ ያዘች፤ አልቻለችም፤ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሜትር እያለቀሰች ትስቃለች። ሥራ አስኪያጁ ሱሪውን አየ፣ ፎቶዬን አየ፣ መሬቱን አየ። ሜትር አልተባረረችም። ለሁለታችንም ማስጠንቀቂያ ተጻፈልን። የኔ የመጀመሪያዬ ነው... በሃያ ሰባት ዓመት!

የካቲት 8

እግሮቹ ፈርሰው ቦርሳ ሊሆኑ ነው። እህቴ እስክትታመም ሳቀች።

የካቲት 19

ስገባ የሚነሳልኝ የለም። ሻይም ተሰልፌ ነው።

ዛሬ ግን ኮሌታ ሰፊዋ ዙሪያዋን ገልመጥ ገልመጥ እያለች መጣች። ኮሌታዎቹን ገልብጣ ሰፍታቸዋለች። ለማንም አልተናገረችም። ለምን ለኔ ነገርሽኝ ብላት፣ እርስዎ ያውቁበታል አለችኝ። ይሄ ማዕረግ ሥራ አስኪያጁ ከጻፈልኝ ሦስት ቃል ውስጥ አልነበረም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት፣ የስፌት መፍቻ አነሳሁ፣ መፍታት ጀመርን።

“ስንት ናቸው?” አልኳት።

“አርባ” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“አይዞሽ። የኔ መቶ ሃያ ነበር።”