ሳቦሃትን ያሰፋት ቴሌቪዥን

ጥቅምት 8

አጎቴ ከኮሪያ የላከው ሰፊ ቴሌቪዥን ዛሬ ሳሎን ገባ። ሪሞቱ የት እንደቀረ እንጃ። አባዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ሲያሳይ ዋለ... እኔ ሻይ ሳመላልስ እግሬ አለቀ።

እንግዳ ሲወጣ የአክስቴን ልጅ የሠርግ ዲስክ በአሮጌዋ ማጫወቻችን ከፈትኩ። ወንድሜ ቁድራት ለምኖኝ ነው። አረንጓዴ ሐር ለብሳ የምትጨፍረውን የኮካንድ ከተማ ልጅ፣ ሳቦሃትን፣ እማዬ እንድታይለት። ከእሷ ሌላ አላገባም ብሏል። እማዬ አየቻትና፣ «ይቺማ የዳቦ ምድጃ አክላለች» አለች። ቁድራትን ሻዩ ትን አለው።

ዲስኩ ለድሮው ጠባብ ቴሌቪዥን የተነሳ ነው፣ ሰዉን የሚለጥጠው ይሄ ሰፊው ነው፣ እኔንስ እዚያ ውስጥ አታዪኝም ወይ ብላት... «አንቺም ሰሞኑን ጨምረሻል ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ። እኔን፣ እንጨቷን።

ጥቅምት 9

ኮካንድ ሄደን በዓይናችን እንያት አልኳት። አይሆንም። የሰው ደጃፍ ረግጦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ከዚያ እምቢ ማለት ነውር ነው አለች። ልቧ ሳይፈቅድ እግሯ አይነሳም። እሁድ ወደ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ልትልክ ነው። የእሱን ልጅ በየቀኑ ታያታለቻ።

ቁድራት ራት አልበላም። ምን ይሻላል?

ጥቅምት 11

አሮጌዋ ማጫወቻ ዲስክ መቧጨር ጀምራለች። አባዬ አዲስ ልግዛ ብሎ ሲነሳ፣ ካልሄድኩ ብዬ ተጣበቅኩበት። የሠርጉን ዲስክ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ባለሱቁ የመጀመሪያውን ማጫወቻ እንደ እኛው ሰፊ በሆነ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ዲስኬን ከተተበት። ለሰፊ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ጥግ እስከ ጥግ ይሞላል አለ። ሳቦሃት ያው ምድጃ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲከፍት ግራና ቀኙ ጠቆረ... መሃል ላይ ግን ሙሽራዋ አንገት አወጣች። ሳቦሃትም ወገብ።

አባዬ ፊቱን አጨማደደ። ሙሉ መስታወት እያለ ለምን በጠባብ መስኮት አያለሁ? አለ። ባለሱቁ የማጫወቻውን ሪሞት ሰጠው። አንድ ቁልፍ አለች፤ ስትፈልግ ይሞላል፣ ስትፈልግ ሰዉን በልኩ ያሳያል አለው።

አባዬ ቁልፉን እየነካካ ሳለ ራሱ በሠርጉ ላይ እየጨፈረ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብቅ አለ። ሞላው... ቦርጩ ከፊቱ ቀደመ። መለሰው... ሸንቃጣ ሰውዬ። ደግሞ ሞላው። ደግሞ መለሰው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይሄኛውን ጠቅልልልን» አለ።

እኔ ዲስኬን ቶሎ ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

ጥቅምት 12

በአዲሱ ማጫወቻ ሰዉን በልኩ አድርጌ ከፈትኩላት፤ እማዬ የሳቦሃትን ጭፈራ ሁለቴ አስደገመችኝ። ቁድራት በር ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይቺ ልጅ እኮ ከሲታ ናት።»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። እሷ ግን አልጨረሰችም፣ «ግድ የለም፣ እኛ ቤት ትወፍራለች።»

እኛ ቤት... እኛ ቤት አለች እኮ። ቁድራት ወጥቶ ማንም ሳያዘው እንጨት መፍለጥ ጀመረ። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ጥቅምት 20

ከኮካንድ ተመለስን። እንደ ወጉ የመታጨቱ ዳቦ በሁለቱ ቤተሰብ ፊት ተቆረሰ፣ ሳቦሃት ታጨች። በአካል ደግሞ ሌላ ናት... ስትስቅ ትከሻዋም ይስቃል። ይሄ በየትኛው ማጫወቻ ይታያል?

ከተማችን ማርጊላን ልንገባ ስንል እማዬ አባዬን ጠራችው። የቁድራትን ሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳው ሰውዬ ለሰፊው ቴሌቪዥን እንዲስማማ አድርጎ ያንሳ አለችው። «ልጄን ማንም እንዲያሰፋብኝ አልፈልግም።»

እኔን መስሎኝ ዞር አልኩ። ለካ ሳቦሃትን ነው።