ከሙሌ ሱቅ የተረፉ ፎቶዎች

ሰኞ፣ ጥር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬም ከአልጋ ስወርድ እጄ የሱቁን ቁልፍ ይፈልጋል። ልማድ ክፉ ነው። ሱቁ ከሐሙስ ጀምሮ የለም። ከመካኒሳ አቦ ቁልቁል ያለው ረድፍ በሙሉ ለመንገድ ሥራ ፈረሰ። እኛም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም። ሙሌ ይህን ሳያይ ሞተ። ተመስገን ልበል? አልልም።

ስድስት ዓመት ሠራን። ኮምፒዩተር ሽያጭ፣ ጥገናና ሥልጠና። እሱ ባለቤት፤ እኔ ጸሐፊ፣ አስተማሪ፣ ወለል ጠራጊ። በሦስት ቀን ሕመም ሄደ። ከቀበርነው ሦስት ሳምንት ሆነው።

12 ሰዓት ተኩል፣ ሊመሽ ሲል

ጋሽ ጌታቸው መጥተው ነበር፣ የሙሌ ታላቅ ወንድም። እናታቸው ወ/ሮ የሺመቤት ከመንዝ ሊመጡ ነው። ታመው ስለነበር ዘመድ ተማክሮ ደብቋቸው፣ መርዶው የተነገራቸው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ልጃቸው ሲቀበር እሳቸው እሱ ይልክልኛል ያሉትን መነጽር እየጠበቁ ነበር አሉ። ለአርባው ይደርሳሉ።

ጋሽ ጌታቸው የሱቁን ፎቶዎች ፈልገው ነው የመጡት። እናትየው ልጃቸው ምን ይሠራ እንደነበር አንድ ቀን አላዩም። አገር ቤት የሙሌን ሥራ የሚያውቅ የለም፤ አዲስ አበባ ዘበኛ ነው ይሉታል። ቤቱ ፈርሷል፣ ዕቃው ተሽጧል፣ እንግዲህ እናቴ ፎቶውን ትይ አሉ። እኔም አለ አልኩ። የምርቃቱ፣ የሱቁ መክፈቻ፣ ታፔላ የሰቀልንበት ቀን፣ ሁሉም ዲስኬት ላይ አለ አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፣ ደብተሬ። አንገቴን ቀና አድርጌ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26፣ 9 ሰዓት

የለም።

አሥራ አንድ ዲስኬት። የጓደኛዬ መ/ቤት ሄጄ አንድ በአንድ ከተትኩ። ማሽኑ ይንጫጫል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይህ ዲስክ አልተዘጋጀም፣ አሁን ጠርጌ ላዘጋጀው ወይ ይለኛል። አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ጊዜ አይሆንም አልኩት።

የሆነው እንዲህ ነው፤ ላንቺ ልናገር። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። የፎቶው ካርቶን ራሰ። ፎቶዎቹ ከነኔጌቲቫቸው እርስ በርስ ተጣበቁ። የተላቀቁልኝን በስካነር አስገባሁ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር በዲስኬት አስቀመጥኩ። ያበጠውን ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬ ከቆሻሻ ጋር ጣልኩት። ሙሌ ቆይ ይድረቅ ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። የዲስኬቱን ሣጥን ደግሞ ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ፈልጌ አስቀመጥኩት። የት? ስታቢላይዘሩ ላይ! ሌሊትና ቀን የሚያጉረመርመው፣ ሆዱ የመዳብ ጥቅል የሆነ የመብራት ማስተካከያ ላይ፣ ስድስት ወር።

በመጀመሪያው ቀን ለተማሪ ሁሉ የማስተምረው ምን ነበር? ዲስኬት ከማግኔት፣ ከስፒከር፣ ከስታቢላይዘር ይራቅ፤ ማግኔት የተጻፈበትን ያጠፋል። ሰሌዳው ላይ በእጄ ጽሑፍ ነበር። የቀለም ቀንድ!

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እሷስ የምትለቅመው አላት።

ሐሙስ፣ ጥር 28

አልተኛሁም። አሁን ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሠልጣኞቹ!

የሥልጠናው ሦስት ወር ሲያልቅ ሁሉም ፎቶ ይነሳ ነበር። የግድ ነው። ያለ ፎቶ ሰርተፊኬት አይቆጠርም። ሞኒተሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይደረጋል፣ ሠልጣኙ ካፖርት ይዋሳል፣ አሥሩ ጣት ኪቦርዱ ላይ ይዘረጋል፣ ማሽኑ ቢጠፋም ግድ የለም። ሳሎን ውስጥ ከሠርግ ፎቶ ጎን ይሰቅሉታል። ከእነሱ ብለቅምስ?

መዝገቡ ከሱቁ ጋር ሄዷል። በጭንቅላቴ ሃያ ያህል ስምና ሰፈር አለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30፣ 11 ሰዓት

ሀና ማርያም። አቧራ፣ ፀሐይ፣ ውሻ። ስድስት ቤት አንኳኳሁ። ሁለቱ ሰፈር ለቀዋል። አንዷ ቤይሩት ናት፤ እናቷ ፎቶዋን ከግድግዳ አላወርድም አሉ፣ ልጄን ደግሞ ከዚህም ልታስወጪብኝ ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። ቆሜ አየሁትና ወጣሁ።

ሦስት አገኘሁ። ሦስቱም ላይ ሙሌ የለም። አለ፣ ግን የለም። ፎቶ አንሺው እሱ ነበራ! በአንዱ ላይ ሞኒተሩ መስታወት ውስጥ ፍላሽ የበላው ጥላ ይታያል። ሌላውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ጠረጴዛ ሥር ክርኑ ብቻ ይታያል፤ ሶኬቱ ልል ስለነበር ፎቶው እስኪነሳ በእጁ ይዞት ነው። ሦስተኛው ላይ እኔ አለሁ። አፌን ከፍቼ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ብስራተ ገብርኤል፣ ሸምሱ ቤት። የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው። ሥልጠናውን በሁለተኛው ወር አቋርጦ ሰርተፊኬት አምጡ እያለ ሲያስቀን የነበረው። የሙሌን መሞት አልሰማም። ነገርኩት። ኢና ሊላሂ ብሎ እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም ብሎ ሙጭጭ። ሚስቱ ጨመረችበት። ቆጮ በላሁ።

እሱ የራሱ ካሜራ ነበረው። አንድ ቀን ሙሌ ሳያይ ከኋላው ያነሳውን ሰጠኝ። ሙሌ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የተከፈተ ኮምፒዩተር ላይ አጎንብሶ፣ ብሎን መፍቻ በጥርሱ ይዞ ይሆናል፣ አይታይም። በዙሪያው ግድግዳው፣ ሰሌዳው፣ በሩ፣ በበሩ የሚታየው መንገድ፤ ሱቁ በሙሉ አለ። ሱቁን አይቼ ጮህኩ። አመስግኜ ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

እመልስልሃለሁ ስለው፣ ኧረ ተይ አልማዝ፣ ሙሌ እኮ ወንድሜ ነበር፣ ወንድምን መልሺ ይባላል ወይ አለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ዘጠኝ ፎቶ። አንድም የሙሌ ፊት የለም።

ጋሽ ጌታቸው ሌላ መላ አግኝተዋል። የቀበሌ መታወቂያውን ፎቶ ቤት ወስደው አሳድገውታል። የማኅተሙ ክብ ጉንጩ ላይ ነበር፤ ባለሙያው በቀለም ሸፈነው። ሳይጠየቅ ከረባትም ጨመረለት። ሙሌና ከረባት! ግን ልናገር ምን አፍ አለኝ? ዲስኬቶቹ ባዶ መሆናቸውን እስካሁን አልነገርኳቸውም። ያገኘሁት ፎቶ ጥቂት ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ውሸታም ሆንኩ፣ ደብተሬ።

ሰኞ፣ የካቲት 9፣ 10 ሰዓት

እናትየው ደረሱ። ትንሽ ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በሰው ክንድ። ግቢው በለቅሶ ተናጋ። የተሰቀለውን ትልቁን ፎቶ ተጠግተው አዩት። ከዚያ ዞረው፣ በደህና ድምፅ፣ ይሄ ማነው? አሉ።

ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ጮኸ። ሐዘኑ ነው፣ ድካሙ ነው ተባለ። እኔ ግን አውቃለሁ። ትክክል ናቸው። ያ ሙሌ አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ጎናቸው ተቀምጬ ዘጠኙን ፎቶ አንድ በአንድ በእጃቸው ሰጠሁ። ይህች ሠልጣኝ ናት፣ ይህ ጠረጴዛው ነው፣ ይህ ክርኑ ነው። ይሰማሉ። መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ። ስድስት ዓመት አብረሽው ስትውዪ የፊቱ ፎቶ እንዴት ይጠፋል አሉ።

ነበረ አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ጣሪያውን፣ የጣልኩትን ወረቀት፣ ሙሌ ቆይ ያለኝን፣ ሣጥኑን ያስቀመጥኩበትን። ጋሽ ጌታቸው ቆመው ይሰማሉ። እናትየው መልሰን ልናወጣው አንችልም ወይ አሉ፤ ጉድጓድ የገባ ዕቃ መስሏቸው። አይቻልም አልኩ።

“ሁለቴ ቀበርሽብኛ!” አሉኝ።

ተነስቼ ወጣሁ፤ ማንም ተቀመጪ አላለኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ቤቴ ነኝ። በሩን ዘግቼ።

ሙሌ፣ አንተም! አንድ ቀን ካሜራውን ለሰው ሰጥተህ ወዲህ ብትዞር ምን ነበረበት? ሁሌ ከጠረጴዛ ሥር፣ ሁሌ ከካሜራ ኋላ። ሰው አለሁ ይላል እኮ።

አበድኩ መሰለኝ። የሞተ ሰው እቆጣለሁ። ናፈቀኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም። በጣም ናፈቀኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12፣ ከሰዓት

አስጠሩኝ። ሄድኩ። ወ/ሮ የሺመቤት ፎቶዎቹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቁጭ በይ አሉኝ።

የአገራቸውን ወግ ነገሩኝ። እሑድ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ መንዝ ለቅሶ ይወጣለታል። ለቅሶ ሜዳ ላይ የሟች ዕቃ ይነሳል፣ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። ለአባቱ ጠመንጃውና የበቅሎው ኮርቻ ተነሳ።

“ለዚህኛው ምን ላንሳለት? ምን ነበረው ብዬ ላሳይ?”

ያ ከረባት ያለው ፎቶስ እንዳልል አፈርኩ። እሳቸው ከዘጠኙ አንዱን አነሱ። የሸምሱን። ቀረብ፣ ራቅ እያደረጉ አዩት። በጣታቸው ትከሻውን፣ የአንገቱን ሥር፣ የአከርካሪውን ጉብታ ተከተሉት።

“አባቱ ሞፈር ሲጠርብ እንዲህ ነበር። ግራ ትከሻውን ጣል አድርጎ። ይሄ ልጄ ነው። ይሄን አሳድጉልኝ።”

ዓርብ፣ የካቲት 13፣ 11 ሰዓት

ዛሬ አርባው ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ፎቶውን አገላብጦ ሳቀ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጀርባ አሳድጌ አላውቅም፣ ተሳስተሽ ነው አለኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት። ቀለም አትንካው፣ ምንም አትጨምርበት፣ ከጎኑም አትቁረጥ፣ ሰሌዳውም በሩም ይግባ። አሁን ተቀብዬ መጣሁ። በሶፋ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ በሩ ሥር ቆሟል፣ ቁመቱ ወገቤ ይደርሳል።

እናትየው ይቅር አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ግን ጠዋት ከአርባው ስወጣ ጠሩኝ። ሕዝቡ ያጎነበሰ ሰው ያያል፣ ምን ላይ እንዳጎነበሰ ማን ይነግረዋል? እኔ አላውቀውም፣ ጌታቸውም አያውቀውም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው አሉ። ጋሽ ጌታቸው ፊታቸውን አዞሩ። አልከለከሉም።

ለቅሶ ሜዳ ላይ ቆሜ አላውቅም። ሙሾ አላውቅም። ኮምፒዩተር የሚለውን ቃል ለገበሬ በምን ልንገር? ሰዎች መጥተው የሚያጽፉበት፣ ሥራ ፈላጊ ማመልከቻ የሚያስመታበት፣ የተበላሸውን ከፍቶ የሚጠግን፣ ሃምሳ ሰው ያሠለጠነ ልበል። ዘበኛ አልነበረም ልበል።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነኝ። ወስኛለሁ። ፎቶውን የምይዘው እኔ ነኝ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ፣ ፊቱስ የት አለ ማለቱ አይቀርም። ማንም እንዳይመልስልኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ እኔ እመልሳለሁ።